እማማ ትርፊት በቃላቸው የያዙት ወንዝ

መምህር ጠና ላምቤቦ አዲስ ቦታ ከመርገጡ በፊት መሬቱን በዣንጥላው ጫፍ ይመታዋል። ኳ! ይመታል፣ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፣ ከዚያ ነው የሚረግጠው። የክፍሉ ወለል ሲሚንቶ፣ የቤቱ ደጃፍ ጥርብ ድንጋይ፣ የሆሳዕና ዋና መንገድ አስፋልት ነው፤ ለሱ ግን ሁሉም አንድ ነው። ተማሪዎቹ «ቲቸር ኳኳ» ብለው ስም አውጥተውለታል፤ ተማሪ መቼም ስም ሲያወጣ አይስትም። እንግዲህ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። በዚህ ከተማ መሬትን ማመን የሚገባው ሰው ቢኖር እሱ ነበር።

ሌላም አመል ነበረው። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲከብድ የባቴና ወንዝ ያጓራል፤ ሰው ሁሉ ሲፈራ ጠና እያፏጨ ይሻገራል። እሱን የሚጨንቀው ሲያባራ ነው። ውሃው ድምፁን ሲያጠፋ ድልድዩ አፋፍ ላይ ቀጥ ይላል፤ ላብ ያጠምቀዋል። ባጃጅ ውስጥም ከሆነ «አቁም! አቁም አልኩህ እኮ!» ብሎ ይወርዳል። ሾፌሮቹ «እኚህን ሰውዬ አንድ ነገር ሳይነካቸው አልቀረም» እየተባባሉ ጥለውት ይሄዳሉ። ነክቶታል፣ አልዋሹም። ምን እንደነካው ግን በከተማው ውስጥ ለብዙ ዓመት የሚያውቅ አልነበረም።

ክፍል ውስጥ ደግሞ አባይን፣ አዋሽን፣ ዋቢ ሸበሌንና ኦሞን አስተምሮ ሲጨርስ፣ መጽሐፉ ላይ የሌለ አንድ ወንዝ ይጀምራል። ትምህርቱ ከአዲስ አበባ በፕላዝማ ይተላለፍ በነበረበት ጊዜ እንኳ ቴሌቪዥኑን ድርግም ያደርገውና ጠመኔ ያነሳል። ሰሌዳው ላይ «ኦሌንዮክ» ብሎ ይጽፋል።

«ቲቸር፣ ይሄ ማትሪክ ላይ ይመጣል?»

«አይመጣም። ጻፉ።»

ያስጽፋቸዋል። ወንዙ ከሳይቤሪያ ደጋ ይነሳል፤ ከሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ላፕቴቭ የሚባል የበረዶ ባሕር ውስጥ ይገባል። አርጋ-ሳላ የሚባል ገባር ከግራ ይቀላቀለዋል፤ ታች ባሕሩ አጠገብ ደግሞ ቡር የሚባል ሌላ አለ። በዚያ ሁሉ ርዝመት መንደሩ በጣት ይቆጠራል። ስምንት ወር ሙሉ በረዶ ነው። ከሥሩ ያለው አፈር ደግሞ በጋም ክረምትም በረዶ ነው፤ እዚያ አገር መቃብር እንኳ በእሳት አቅልጠው ነው የሚቆፍሩት። ልጆቹ እዚህ ላይ «ኧረ ቲቸር!» ይላሉ።

ከዚያ ወደ ዋናው ነገር ይደርሳል። «የኛ አገር ወንዝ ከብርድ ወደ ሙቀት ይወርዳል። ይሄ ከሙቀት ወደ ብርድ ነው የሚወርደው። ስለዚህ በግንቦትና በሰኔ ላይኛው ቀድሞ ይቀልጣል፤ ታችኛው ገና በረዶ ነው።» ጠመኔውን ያስቀምጣል፣ እጁን ያራግፋል። «ዛሬ እዚህ ላይ ይብቃን።» በማግስቱ ሌላ ምዕራፍ ነው። ያ የቀለጠ ውሃ የት እንደሚሄድ የሰማ ተማሪ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠና ከሆመቾ፣ ሳሙኤል አቡዬ ከአንጋጫ መጥተው ሆሳዕና አንድ ዴስክ ላይ የተማሩ ጓደኛሞች ነበሩ። አንዱ ሀዲያ አንዱ ከምባታ፤ የሁለቱም ቤት ካቶሊክ፤ አንዱ ዝምተኛ፣ ሌላው አፉ የማያርፍ። በሰባ ዘጠኝ ዓ.ም. ሁለቱም የውሃ ጥናት ተምረው እንዲመጡ ሶቭየት ኅብረት ተላኩ። የሳሙኤል እናት እማማ ትርፊት ያን ሁሉ ባሕር ለሚሻገር ልጃቸው ምን ቢቋጥሩለት ጥሩ ነው? ቡላ! ከገዛ እንሰታቸው ያወጡትን ቡላ አድርቀው፣ በጨርቅ ቋጥረው ሰጡት። ሳሙኤል ያንን ቡላ ሦስት ዓመት ሲቆጥበው ኖረ። ለገና አንድ ማንኪያ፣ ለመስቀል አንድ ማንኪያ። ሩሲያውያኑ «ምንድን ነው ይሄ ዱቄት?» ሲሉት «የእናቴ መሬት ነው» ይላቸዋል፤ እየሳቀ ነው ታዲያ።

በሰማንያ ሁለት ዓ.ም. ሰኔ መግቢያ ላይ ለተግባር ልምምድ ወደዚያ ኦሌንዮክ ወንዝ ተወሰዱ። አምስት ተማሪና አንድ ሪዛም መምህር ሆነው ወንዙ ዳር አንዲት የእንጨት ጎጆ ውስጥ ሰፈሩ። ፀሐይ አትጠልቅም። እንቅልፍ ሲወስድህም ፀሐይ፣ ስትነቃም ፀሐይ። ከወንዙ ማዶ የውሃውን ከፍታ የሚያሳይ ምልክት የተቀባ እንጨት ተተክሎ ነበር፤ በየማለዳው አንድ ሰው በረዶውን ተሻግሮ አንብቦ ይመለሳል። መምህራቸው አንድ ሕግ ብቻ ነበረው፤ በብረቱ ሳትመቱ አትርገጡ። ጎጆው በር ላይ የቆመ ረጅም የብረት ዘንግ አለ። በሱ በረዶውን እየመቱ፣ ድምፁን እያዳመጡ ነው የሚሄዱት።

ያን ማለዳ ተራው የጠና ነበር። ጥርሱን አሞት ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም። ከዋዜማው ሳሙኤል ከቡላው የቀረችውን ጥርግ አድርጎ «ብላ፣ ይሻልሃል» ብሎ ገንፎ አገንፍቶለት ነበር። አልተሻለውም። ጉንጩን ይዞ ወንዙ ዳር ቆመ። ሳሙኤል መጣና «ስጠኝ ደብተሩን፣ እኔ ልሂድልህ። አንተ ጉንጭህን እያሻሸህ ቆይ፣ የሆመቾ ሙሽራ!» አለው። ብረቱ ግን ጎጆው ጋ ቀርቷል፤ ለማምጣት ዳገቱን መውጣት ነው።

«እንዴት ነው፣ ያሻግራል?» አለ ሳሙኤል ወደ ወንዙ እያየ።

ጠናም ጆሮውን ወደ ወንዙ ራስ አዘነበለ። ሰው መቼም ስህተት ይሠራል፤ ይህን ስህተት ግን ከኛ አገር ሰው በቀር ማንም አይሠራውም። እዚህ ክረምት ላይ ወንዝ የምትሻገረው በጆሮህ ነው። ላይ አገር ከዘነበ ጎርፉ እያጓራ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ዳር ቆመህ ታዳምጣለህ። ሲጮህ ቁም፣ ዝም ሲል ተሻገር። ልጅ ቆሞ መሄድ እንደጀመረ የሚነገረው ይህ ነው። ጠና አዳመጠ። ኦሌንዮክ ዝም ብሏል። ያን የመሰለ ዝምታ በሕይወቱ ሰምቶ አያውቅም።

«ዝም ብሏል፣ ተሻገር» አለው።

ሳሙኤል ደብተሩን ብብቱ ውስጥ ከቶ ሄደ። መሃል ሲደርስ በረዶው ብድግ አለ። አልተሰበረም፣ አልጮኸም፤ ከሥሩ የሞላው ውሃ መላውን ወንዝ እንደ ድስት ክዳን ወደ ላይ አነሳው። ሳሙኤል ቆመና ዞረ። «ጠና?» አለ፤ አልጮኸም፣ ጥያቄ እንደሚጠይቅ ሰው ነው ያለው። ያን ጊዜ ነው የበረዶው ድምፅ የመጣው። ከዚያ በኋላ ነጩ ነገር ሁሉ እየሄደ ነበር። ሄሊኮፕተር ሁለት ቀን ፈለገ። ደብተሩም፣ ኮፍያውም፣ አንዲት ጓንት እንኳ አልተገኘም።

የሚማሩበት ተቋም መርዶውን በደብዳቤ ላከ፤ ደብዳቤው በየቢሮው ዞረ። መንግሥት ሲለዋወጥ ከየትኛው ጠረጴዛ ላይ ወድቆ እንደቀረ እግዜር ይወቅ። ጠና ትምህርቱን ጨርሶ በሰማንያ አራት ዓ.ም. ሲመለስ ግን መርዶው ደርሶ፣ ተለቅሶ፣ ሰልስቱም ተዝካሩም ያለፈ መስሎት ነበር። ለማስተዛዘን ነው አንጋጫ የሄደው። ከሰዓት በኋላ፣ ብቻውን፣ ባዶ እጁን ሄደ።

እማማ ትርፊት ጓሮ ቁጭ ብለው እንሰት ይፍቁ ነበር። እሱን ሲያዩ መፋቂያውን ጥለው ተነሱ፤ አንገቱ ሥር ገብተው አሸተቱት። ሴት ልጃቸው ትዕግስት «ሳሙኤልስ? ሳሙኤልስ?» እያለች ትዘላለች። የለቅሶ ምልክት በግቢው ውስጥ የለም። መርዶው እንዳልደረሰ ለጠና የዚያን ጊዜ ነው የገባው።

«ልጄ ደህና ነው?» አሉ እማማ ትርፊት።

«ደህና ነው።»

አይ ጠና! ወጣች፣ አለቀ። ሌላ ቃል አስቦ ነበር፤ እናት ፊት ቆሞ አፉ ያወጣው ይህንን ነው። ከዚያ ውሸቱ ልጅ ወለደ፤ ሳሙኤል ሥራ ይዞ እዚያው ቀረ፣ ወንዝ ያጠናል፣ ቦታው ሩቅ ስለሆነ ደብዳቤ አይደርስም። «ቡላዬን በላው?» አሉት። «በላው እማማ። አንዲት አልቀረችም» አለ። ከተናገረው ሁሉ እውነቱ ይቺ ብቻ ነበረች። ማታ ሆሳዕና ሲመለስ አውቶቡስ ውስጥ እጁን ነክሶ አለቀሰ። በሚቀጥለው ጊዜ እነግራቸዋለሁ ብሎ ለራሱ ማለ።

የሚቀጥለው ጊዜ መስቀል ነበር። መስቀል ሲሆን ከያለበት ወደ ቤቱ የማይገባ የለም፤ በሬ ይጣላል፣ ሥጋው በመደብ በመደብ ይከፈላል። እማማ ትርፊት የሳሙኤልን መደብ ለይተው በኮባ ጠቅልለው አስቀምጠዋል። ያንን ያየ ሰው መርዶ እንዴት ይናገር? አልተናገረም። እሳቸው ግን ከእሳቱ አጠገብ አስቀመጡትና «ያ ወንዝ እንዴት ያለ ነው? ንገረኝ» አሉት።

ነገራቸው። እሳቸው ከምባታኛ፣ እሱ ሀዲይኛ፤ መሃል ላይ ያለው አማርኛ ነው፤ በዚያው በሰባራ አማርኛቸው ጠየቁ፣ መለሰላቸው። ከየት ይነሳል? ወንዙ ዳር ምን ዛፍ አለ? ከብት ይጠጣዋል? ወዴት ይታጠፋል? በዓመቱም እንዲሁ፣ በሌላውም ዓመት እንዲሁ። ቁጭ ብለው በጭራሮ አመዱ ላይ ሥዕሉን ያስሥሉታል። «እዚህ ጋ አርጋ-ሳላ ይገባል፣ አይደል? ከግራ» ይሉታል። ሲሳሳት ያርሙታል። «አምና ላርች የሚባለው ዛፍ ታች ድረስ አይሄድም ብለኸኝ ነበር እኮ፤ ዘንድሮ ባሕሩ አፍ አደረስከው?» የጠና ተማሪዎች በሙሉ ተሰብስበው የእማማ ትርፊትን ግማሽ አያውቁም ነበር። እሱም ልክ እንደ ክፍሉ ሰኔ ላይ ሲደርስ ያቆማል። «እንግዲህ ላይኛው ቀድሞ ይቀልጣል፣ ታችኛው ገና በረዶ ነው... እማማ፣ መሽቷል፣ ልነሳ።» እሳቸውም «እሺ ልጄ» ብለው ይሸኙታል።

በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው መስቀል የሳሙኤልን መደብ ማስቀመጥ ተዉ። በኮባ የተጠቀለለውን አንስተው ለጠና ሰጡት። «ውሰደው፣ ያንተ ነው» አሉት። እሱ ደግሞ፣ የዋህ፣ ስለወደዱት መሰለው።

ጠና አግብቶ ነበር። ሚስቱ አሰገደች ነርስ ነች፤ አባቷ ከሰሜን በመንግሥት ሥራ መጥተው ሆሳዕና የቀሩ ናቸው። ምላሷ ስለት ነው፣ ልቧ ግን ቅቤ። «አንተ ሰውዬ፣ በዚያ ዣንጥላህ የቤቴን ወለል ልትበሳው ነው!» ትለዋለች። አንድ መስቀል አብራው አንጋጫ ሄደች። እሳት ዳር ቁጭ ብላ ሁሉንም ሰማች። ሲመለሱ መንገድ ላይ ነው የጠየቀችው።

«ጠና፣ እኚህ ሴትዮ እናት አይደሉም እንዴ?»

«ናቸው እንጂ።»

«ታዲያ ልጄ ከሳ ወይ፣ አገባ ወይ፣ ፎቶ የለውም ወይ ሲሉ ሰምተህ ታውቃለህ? ስለ ልጇ ሳትጠይቅ ስለ ወንዝ የምትጠይቅ እናት የት አገር ነው ያለችው?»

ጠና መለስ ብሎ አሰበ። እውነቷን ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ መስቀሎች በኋላ አንድ ጊዜ እንኳ ደብዳቤ የለውም ወይ አላሉትም። የቆመበት መሬት የከዳው መሰለው። ያን ዕለት ለሚስቱ ሁሉንም ነገራት፤ ተራው የሱ እንደነበር፣ ብረቱ ጎጆ እንደቀረ፣ «ተሻገር» ያለው እሱ እንደሆነ። አሰገደች ሰምታ ስታበቃ አልሰደበችውም። «መርዶ የተከለከለ ሰው የቁም እስረኛ ነው። ሂድና ፍታቸው» አለችው ብቻ።

አልሄደም። ዛሬ ነገ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ፈተና ሲያልቅ፣ ሚሌኒየሙ ይለፍ። ከሰው ፊት የሚሸሽ ሰው ምክንያት አያጣም። ሳሙኤል ግን ከፊቱ አልሸሸም። ክፍል ውስጥ ከኋላ መቀመጫ ላይ አንዳንድ ቀን ጀርባውን ሰጥቶ የተቀመጠ ልጅ ያያል፤ ልጁ ሊዞር ሲል ጠና ዓይኑን ይጨፍናል። ቀትር ላይ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ሰው በተሞላ ገበያ መሃል «ጠና?» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ አይጮህም፣ ይጠይቃል። ቢመልስ ምን እንደሚመጣ ስለማያውቅ አይመልስም። ስልክ ሲያነሳ እንኳ ስሙን አስቀድሞ የጠራው ሰው ካለ ስልኩን ከጆሮው ያርቃል።

በሁለት ሺህ ሁለት ዓ.ም. ሰኔ መግቢያ ላይ ስልኩ ጮኸ። ትዕግስት ነበረች፣ አሁን የልጆች እናት ሆናለች።

«ጋሼ ጠና፣ እማዬ አሟታል። ልቧ ነው አሉ። አንተን ጥሪልኝ ብላለች። ‹ሰው ይዞ ይምጣ፣ ማለዳ ይምጣ› በይው ነው ያለችው።» እንደማይገባት ሆና ልትናገረው ሞክራ ነበር፤ ድምፅዋ ግን አሳበቀባት።

ጠና ስልኩን ዘግቶ የተባለውን ለአሰገደች ነገራት። ሰው ይዞ ማለዳ የሚኬደው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። መርዶ ማታ አይነገርም፣ ብቻውን የሚሄድ መርዶ ነጋሪም የለም። ሽማግሌ ተይዞ፣ ጎህ ሲቀድ፣ የቤቱ ሰው ከቤት ሳይወጣ ነው። እማማ ትርፊት መርዶአቸውን እንዲያመጣላቸው በሰው ልከው አዘዙት።

«ያውቃሉ» አለች አሰገደች።

«የፈተና ሳምንት ነው፣ እንዴት አድርጌ...»

«ጠና!» ብላ አቋረጠችው። «ሴትዮዋ ሳያለቅሱ ቢሞቱ ዣንጥላህ አይደለም ጦር ይዘህ ብትዞር መሬት አትቆምልህም። ተነስ።»

የሰፈሩን የእድር ዳኛ አቶ ሰይፈሥላሴን ለመኑ፤ አንጋጫ ሲደርሱም ቄሱን አባ ወልደሰንበትን ጨመሩ። ዋዜማውን እዚያው አደሩና ጎህ ሲቀድ አራት ሆነው በእንሰቱ መሃል አለፉ። ጉም ነበረ፤ ውሻ እንኳ አልጮኸም። ከግቢው በታች ያለው ወንዝ ዝም ብሏል። ጠና እየሄደ መሬቱን ይመታል፤ ኳ፣ ኳ። አሰገደች ዛሬ ምንም አላለችውም።

እማማ ትርፊት ደጃፋቸው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። የታመመ ሰው አይመስሉም። አቶ ሰይፈሥላሴ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ እማማ ትርፊት፣ ሰው ሆኖ ከዚህ የሚቀር የለም...» ሲሉ እማማ እጃቸውን አንስተው አቋረጧቸው።

«እርስዎን እግዜር ይስጥልኝ፣ አባቴ። ጠና ይንገረኝ።»

ጠና ነገራቸው። የቡላውን ገንፎ፣ የጥርሱን ሕመም፣ ጎጆ የቀረውን ብረት። «ተራው የኔ ነበር እማማ። እኔ ነበርኩ መሻገር የነበረብኝ። ጆሮዬን ሰጥቼ ሰማሁና ዝም ብሏል፣ ተሻገር አልኩት። አሥራ ስምንት ዓመት ዋሸሁዎት።» ሲጨርስ ያ የኦሌንዮክ ዝምታ ተመለሰ። ከእግሩ ሥር አንድ ነገር ብድግ ሲል ተሰማው፤ ዣንጥላውን በሁለት እጁ ጨብጦ ቀረ።

«ውሃው ከበረዶው ሥር ነው የሚሞላው፣ አይደል?» አሉ እማማ ትርፊት። «ይህን ነበር የምትደብቀኝ። በሦስተኛው መስቀል አገኘሁት። ላይኛው ከቀለጠ፣ ታችኛው ከተዘጋ፣ ውሃው የት ይሄዳል? ይሄን ከብት የሚጠብቅ ልጅም ያውቀዋል። አንተ እዚያ ጋ ስትደርስ ሁሌ ይመሽብሃል።»

«ታዲያ እማማ ለምን...»

«ለምን አልጮህኩም? ማን ነገረሽ ቢሉኝ ምን እላለሁ? መርዶ ሰው ያመጣዋል እንጂ እናት ከገዛ ጉሮሮዋ አታወጣውም። እኔ ብናገረው እኔ ገደልኩት ማለት ነው። የመጀመሪያ ቀን ብቻህን፣ ከሰዓት በኋላ ስትመጣ መርዶ አይደለም ብዬ ደስ አለኝ። ነገሩ ከገባኝ ወዲህ በየሰኔው ማለዳ እዚህ እቀመጣለሁ። ሰው ይዞ ይመጣል ብዬ።»

ጠና መሬት ላይ ተደፋ። እግራቸውን ሊይዝ ሲል ከለከሉት። «ተነስ። ሳሙኤልን ዝም ሲል ተሻገር ብሎ ያስተማረው ማነው? እኔ ነኝ። እዚያ ታች፣ አምስት ዓመቱ ሳለ፣ እጁን ይዤ። እናትህም አንተን እንዲሁ። አንተ የነገርከው የኔን ቃል ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንድ ነገር ጎድሎኛል። የገባበት ቦታ ስሙ ማነው?»

«ስም የለውም እማማ። ያ ወንዝ ረጅም ነው፣ ሰው የለበትም፤ ብዙው ቦታ ስም አልወጣለትም። ቡር ከሚቀላቀልበት በላይ ነው፣ የግማሽ ቀን መንገድ። ዳሩ ላይ ሦስት ዛፍ አለ። ሌላ የለም።»

«ሦስት ዛፍ» አሉ። ደጋግመው አሉት። ከዚያ ተነሱ፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፤ ያን ሁሉ ዓመት የታፈነው ጩኸት ከደረታቸው ወጣ። ትዕግስት ከቤት ወጥታ ደረቷን መታች። በእንሰቱ መሃል ከየአቅጣጫው ሰው እየሮጠ መጣ።

የዚያ አገር ለቅሶ ሟቹ የት እንዳረፈ ይናገራል። አልቃሿ ዳገቱን፣ ዛፉን፣ መቃብሩ ያለበትን መሬት በስሙ ጠርታ ነው የምታለቅሰው፤ ቦታው ካልተጠራ ሟቹ መንገድ ላይ እንደቀረ ይቆጠራል። እማማ ትርፊት በከምባታኛ ጀመሩ። ጠና ቋንቋውን በደንብ አይሰማም፤ ስሞቹን ግን ሰማ። ኦሌንዮክ አሉ። ከደጋው አስነሱት፣ አርጋ-ሳላን ከግራ አስገቡት፣ ወደ ሰሜን አዞሩት፣ ዛፎቹን አሳነሱ፣ በረዶውን ዘረጉ፤ ላይኛው ሲቀልጥ ታችኛውን ዘጉት። ቡር ጋ ሳይደርሱ ቆሙ። ሦስት ዛፍ። እዚያ ቦታ ላይ ስም አወጡ፤ የሳሙኤል መሻገሪያ። ከዚያ ወደ ላፕቴቭ አወረዱት። አንዲት መታጠፊያ አልሳቱም። ጠና ያን ጊዜ ገባው። ሴትዮዋ ያን ሁሉ መስቀል እሳት ዳር ቁጭ ብለው ሲያጠኑ የነበሩት የልጃቸውን ለቅሶ ነው። እሱ ጂኦግራፊ የሚያስተምር መስሎት ነበር።

በለቅሶው መሃል የራሱንም ስም ሰማ። ሕዝቡ ዞሮ አየው። «ምን አሉ?» ብሎ አጠገቡ ያለውን ሰው ጠየቀ። ሰውየው አቀርቅሮ «ጠና አዳመጠ፣ ዝም ብሏል አለው፣ ነው ያሉት» አለ። በእንሰቱ መሃል ለቆመው ሁሉ ተነገረ፤ ከእንግዲህ የሚደበቅ የለም። ማንም አልቀረበውም፣ ማንም አልሸሸውም። አሰገደች ብቻ ክንዱን ያዘችው።

ጩኸቱ ጋብ ሲል ባለሐዘኖቹ የሚቀመጡበት አግዳሚ ወጣ። እማማ ትርፊት ተቀመጡ፣ ትዕግስት በስተቀኛቸው ተቀመጠች። በስተግራ ያለውን ቦታ በእጃቸው መታ መታ አደረጉት።

«ጠናን አምጡት። ወንድሙ ሞቶበታል፣ እስከ ዛሬ ማንም አላስተዛዘነውም።»

ሄደ። ዣንጥላው የት እንደወደቀ አላወቀም። ከእማማ ትርፊት ጎን ሲቀመጥ የመጀመሪያው ጎረቤት፣ ጋቢ የለበሰ አንድ ሽማግሌ፣ እጁን ዘርግቶ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለው። ጠና አመሰግናለሁ ሊል አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ለቅሶ ነው፤ እየጮኸ፣ ግቢውን እየሞላ መጣ። የሚጮህን ነገር መቼም ፈርቶ አያውቅም፤ አላቆመውም። እማማ ትርፊት ሳይዞሩ እጁን ያዙት፤ ቀጣዩም ሰው መጥቶ «ያጽናህ» አለው።